ሦስት ሜትር ከአሥር

«መንገዱን ለሙሽሪት የሰጠናት ለዚሁ አይደል እንዴ?» አለች የባሏ እህት። «አንድ ነገር ቢመጣ ከእኛ መሀል ማንም አይጠየቅም። እሷ መረጠች፣ እሷ ትመልስ።»

የወጥ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነበር። ሙሽሪት የታጠፉ አንሶላዎች እስከ አገጯ ድረስ እንደታቀፈች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እዚህ ቤት ከገባች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ስሟ ግን እስካሁን ሙሽሪት ነው። መጀመሪያ በፍቅር፣ ኋላ በልማድ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ ስለጠፋ። በበሩ ክፍተት የሚታያት የባሏ ታላቅ ወንድም እጅ ብቻ ነበር፤ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ያዞራል። «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለ፣ እጁ ሳያቆም። ተይ፣ ነውር ነው አላለም። ሦስተኛ ሰውም ነበር። ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ግድግዳውን የተጠጋችውን ያቺን ወንበር የሚመርጣት ደግሞ ባሏ ብቻ ነው። አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። ቧንቧው ተከፈተ፤ ተዘጋ። «ስኳሩን አቀብሉኝ» አለ ባሏ።

አንሶላዎቹን ይዛ ወደ አባባ ክፍል ገባች። አባባ የባሏ አባት ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ተንጋለው ጣሪያ እያዩ ነው የሚውሉት። ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑ ጎንበስ ብለው የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ «እግዜር ቀና በል ቢለኝ እምቢ ስላልኩ ነው እንዲህ ያጋደመኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። ዛሬ ግን አልቀለዱም። አንሶላውን ከሥራቸው ስትቀይር፣ እሷና ግድግዳው ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣ «መኪናው መጣ?» አሏት። አልመጣም አለቻቸው። «ይሁን» አሉ፣ አልመጣም በመባላቸው ትንሽ እንደተገላገሉ ሁሉ።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። በሌላኛው ከተማ ያለው የማገገሚያ ሆስፒታል አልጋ ይዞላቸዋል፤ እስከ ዛሬ ማታ ካልደረሱ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እዚያ ካልገቡ እግራቸው እንዲሁ ደንዝዞ ይቀራል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ደግሞ ሲያሰናብታቸው ጣቱን አንስቶ አስጠንቅቆ ነበር፤ አይቀመጡ፣ አይንገጫገጩ፤ በተለይ ድንገተኛ ፍሬን እንዳይኖር። «ፍሬን በኃይል ከተያዘ እኔ የሠራሁት ሥራ በአንድ አፍታ ነው የሚፈርሰው» ነበር ያለው። አምቡላንስ ያን ያህል ርቆ አይሄድም ተባለ። በዚህ መሀል ነው ታላቅ ወንድም፣ ሽርሽር የሚወዱ ሰዎች የሚከራዩትን፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለውን ረጅም መኪና ያመጣው፤ በሐሳብ ደረጃ ማለት ነው። ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ አከራዩ በስልክ ስለ ቁመቱ ተናገረ፤ ድልድይ፣ ዋሻ፣ ዛፍ፣ የማደያ ጣሪያ። ደስታው ቀዝቀዝ አለ። እራት ላይ የባሏ እህት ወደ ሙሽሪት ዞራ፣ «አንቺ እኮ ጠንቃቃ ነሽ፤ መንገዱን አንቺ ምረጪልን» አለቻት። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ ቤት ከሰሃን ማቅረብ ሌላ አንድ ነገር ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሥራዋ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚነት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ የምግቡ ጠረጴዛ ላይ ስልኳን፣ ካርታዋንና ቀይ እስክሪብቶዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ሰው ማነጋገር የሚያስጨንቃት ሴት መንገዶች መሥሪያ ቤት ደወለች፤ የማደያ ሠራተኞች ጋ ደወለች፤ የማታውቀውን የጭነት መኪና ሾፌር ስለ አንድ ቁልቁለት ግማሽ ሰዓት አናገረች። ስትዘጋ ጆሮዋ ግሎ፣ ግን ፈገግ ብላ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት መንገድ ቀረ። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር አዲስ አስፋልት ነው፣ ለጀርባ እንደ ፍራሽ የሚመች፤ ግን መሀሉ ላይ አንድ አሮጌ የባቡር ድልድይ አለበት፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት ሦስት ሜትር ከሠላሳ። ሁለተኛው ከድልድዩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ የሚዞር ጠጠር መንገድ ነው፤ ድልድይ የለውም፣ ጉድጓድ ግን ሞልቶታል። አከራዩ በላከው ወረቀት ላይ የመኪናው ቁመት ሦስት ሜትር ከአሥር ይላል። ሃያ ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሃያ ሳንቲ ሜትር በስንዝር ለካች፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጋር ለካች፤ ዓይኗን ጨፍና በአየር ላይ ለካች። ይበቃል። አስፋልቱን መረጠች።

አሁን አንሶላውን እያስተካከለች ያን ሁሉ ሳምንት መለስ ብላ አየችው፤ አፈረችበትም። የተሰጣት ክብር መስሏት ነበር።

መኪናው ሲደርስ የሰፈሩ ሰው በየመስኮቱ ብቅ አለ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ከአጥሩ በላይ የሚታይ ነበር። አከራዩ ወፍራም፣ ችኩል ሰው ነው፤ አንዱን ነገር ሳይጨርስ ሌላውን ያሳያል። ውሃው በዚህ፣ ጋዙ በዚያ፣ ቁም ሣጥኑ በዚህች ይቆለፋል፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው እዚህ ጣሪያው ላይ ነው፣ ይሄን ሲጫኑት ነፋስ ይሰጣል። «ጣሪያውን አደራ!» አለ ቁልፉን ሲያስረክብ። «ኢንሹራንሱ ጎኑን ይሸፍናል፣ መስታወቱን ይሸፍናል፣ ጣሪያውን ግን አይሸፍንም።» ሙሽሪት መሪው አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጎንበስ ብላ አነበበች። ቁመት 3.10። ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ልቧ ረጋ አለ።

አባባን ባሏና ጎረቤቶች በአንሶላ ወጥረው አወጧቸው። በጠባቡ በር ስንዝር በስንዝር አስገቧቸው። «እንደ እንቁላል ነው የያዛችሁኝ፤ እንዳትጠብሱኝ ብቻ» አሉ አባባ፤ ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ ሙሽሪት ግን ከንፈራቸው ነጭ መሆኑን አየች። አልጋው ላይ በቀበቶ አሰሯቸው። እሷ በየተራ ቁም ሣጥኖቹን እየጎተተች መቆለፋቸውን አረጋገጠች፤ ከላይ የነበረውን ድስት አውርዳ መታጠቢያው ውስጥ አስቀመጠች፤ መሬት ላይ ያለውን ሁሉ በፎጣ ጠቀጠቀች። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ማቀዝቀዣውን ከፈተችላቸው። ነፋሱ ከጣሪያው ፍርግርግ ወርዶ ግንባራቸው ላይ ያለውን ሽበት ሲያንቀሳቅስ አይታ ደስ አላት። የባሏ እህት ደረጃው ላይ ቆማ ስታያት ቆይታ፣ «በይ ኃላፊዋ ከፊት ትቀመጥ» አለች።

ታላቅ ወንድም መሪውን ያዘ። የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ድምፁ ሰፊ፣ ሰውን በትከሻው የሚነዳ ዓይነት። ሙሽሪት ጋሼ ነው የምትለው፤ አንቱ እያለች። ባሏና እህቱ ከኋላ፣ አልጋው ትይዩ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከሰፈሩ እስኪወጡ ወሬው ስለ ነዳጅ ዋጋ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ኪራዩ፤ ቀጥሎ የባሏ እህት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለጠፋው የራስ ምታት ክኒን። ሙሽሪት አትሰማም። ወደ ላይ ታያለች። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከሰገነት የወረደ አበባ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራቸው ስትመላለስ ያላየቻቸው ነገሮች ሁሉ ወደ ታች ያዘቀዘቁ መሰላት። ከተማው ጠልቷት ግንባሩን ያኮሳተረ ይመስል ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ድልድይ ሥር ሲደርሱ፣ ከመኪናው በላይ ሌላ ፎቅ ሊቆምበት የሚችል ክፍተት እንዳለው ከሰሌዳው እያነበበች፣ ሳታስበው አንገቷን ሰበረች። ታላቅ ወንድም አየና ሳቀ። «አንገትሽን ብታቀረቅሪ መኪናው ያጥራል እንዴ ሙሽሪት?» ከኋላ የባሏ እህት ሳቅ ተከተለ። ባሏም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። በሚቀጥለው ድልድይ ግን በመስታወቱ ስታይ ሦስቱም አጎነበሱ።

ከከተማ ሲወጡ መንገዱ ተዘረጋ። አስፋልቱ እንዳለችው ነበር፤ ጎማው ላዩ ላይ የሚሄድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስላል። ታላቅ ወንድም ያለወትሮው በቀስታ ነበር የሚነዳው። ፍሬን የሚይዝ ሳይሆን እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ መኪናው ራሱ እስኪደክም የሚጠብቅ። ይህን ስታይ ለአባቱ የሚፈራውን ፍርሃት በድምፁ እንደሚሸፍን ገባት፤ ጠዋት ያስቀየማትን ትንሽ ይቅር አለችው። «መንገዱ ጥሩ ነው» አላት ድንገት፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ። ደነገጠች። አመሰግናለሁ ልበል አልበል ስትል ጊዜው አለፈ። ከኋላ አባባ እንቅልፍ ወስዷቸው ይሁን ዝም ብለው፣ ድምፅ አልነበራቸውም። ብዙ ሰዓት ተጓዙ። ይህ ቤተሰብ ሲፈራ አይነጋገርም፤ ሲፈራ ስለ ዋጋ ያወራል፣ ወሬው ሲያልቅበት ደግሞ በየመስኮቱ ያያል።

ፀሐይ ወደ ሾፌሩ ወገን አዘንብላለች። በሙሽሪት በኩል መንገዱን ተከትሎ አፈሩን የያዘ ረጅም የግንብ ግድግዳ ጀመረ። ካርታዋ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ግድግዳው ሲያልቅ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ሥር የባቡሩ ድልድይ። ሦስት ሜትር ከሠላሳ። ይበቃል። ወደ ጎን ስታይ ግድግዳው ላይ ጥላቸው አብሯቸው ይሮጣል። የመኪናው ጥላ ነው፤ ረጅም፣ ጠርዙ የጠራ። የራሷን ጭንቅላት መስኮቱ ውስጥ ፈለገች፤ አጣችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጥላው ጣሪያ ወጣ። ጣሪያው ጠፍጣፋ አልነበረም። መሀሉ ላይ አንድ ነገር ጉብ ብሏል፤ እንደ ሻንጣ፣ እንደተቀመጠ እንስሳ።

ምንድን ነው? ማን ነው ሻንጣ ከላይ ያሰረ? ማንም አላሰረም። የአባባ ግንባር ላይ የሚወርደው ነፋስ ትዝ አላት። አከራዩ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ነበር፣ እዚህ ጣሪያው ላይ ነው ብሎ። ከውስጥ የምታየው ፍርግርጉን ብቻ ነበር፤ ነፋስ የሚሰጠው ሣጥን ከላይ፣ ከጣሪያው በላይ ነው የሚቀመጠው። ሦስት ሜትር ከአሥር የሚለው እሱን ጨምሮ ነው? ወይስ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈ፣ ማቀዝቀዣው ኋላ የተጨመረ? አታውቅም። ድልድዮቹን በሙሉ አንድ በአንድ ጠይቃለች፤ መኪናውን አልጠየቀችም። አንዲት ሜትር ገዝታ፣ ደረጃ ላይ ወጥታ፣ አልለካችም። ማተሚያ ቤት አራሚ የታተመውን ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያስተያያል፤ ዋናው ራሱ ስህተት ይሆናል ብሎ አይነሳም፤ ዋናው ዋና ነው። ወረቀቱ ሦስት ከአሥር አለ፤ ተለጣፊው ሦስት ከአሥር አለ፤ ሁለቱ ተስማሙ፣ እሷም ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነች።

ግድግዳው እያለቀ ነው።  ምናልባት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ጨምሮ ከሆነ እና ካስቆመች፣ ያለ ነገር ያስደነገጠች ትሆናለች፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ሳይጨምር ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ የተባለው ሁሉ እውነት ይሆናል፣ በገዛ አፏ። እርግጠኛ እስክትሆን መጠበቅ ለምዳለች፤ በሕይወቷ እርግጠኛ ሳትሆን የተናገረችው ነገር የለም። ግን እርግጠኛ የምትሆነው ድልድዩ አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ያለው አንድ ነገር ፍሬን ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ የአባባ ጀርባ ነው።

«ጋሼ» አለች። ድምፅ አልወጣትም። «ጋሼ፣ ቢያቆሙ።»

«ምን አልሽ?» አለ፣ ሬዲዮ እየፈለገ።

ግድግዳው አለቀ። ቁልቁለቱ ተከፈተ፤ ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ ከላዩ ሐዲድ፣ መሀሉ ላይ አፍ።

«አቁም!» ብላ ጮኸች። «ቀስ ብለህ አቁም! ፍሬን አትያዝ፣ ብቻ አቁም!»

አንተ ብላው አታውቅም። ታላቅ ወንድም ዞሮ አያት፤ ለአንድ አፍታ ከድልድዩ ይልቅ እሷ ያስደነገጠችው መሰለ። እግሩን ግን አነሳ። መኪናው ግን ቁልቁለት ላይ ነው፤ በራሱ ይንደረደራል። «ምን ሆነች?» አለች የባሏ እህት ከኋላ። «ሦስት ከሠላሳ ይላል እኮ፣ ሰሌዳው ይኸው!» ሰሌዳው እውነት ይላል። ታላቅ ወንድም ፍሬኑን በእግሩ ጣት ነካው፤ ለቀቀው፤ ነካው። ማርሽ አወረደ፤ ሞተሩ አጓራ። ድንጋዩ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ በላዩ ላይ ያሉትን ጭረቶች ማየት ጀመረች፣ ነጫጭ፣ ብዙ፣ አንዳንዶቹ ትኩስ። ከኋላዋ አባባ አንድ ጊዜ፣ ባጭሩ አቃሰቱ። መኪናው የድልድዩ ጥላ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ቆመ።

ወዲያው ክላክስ ተጀመረ። አንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር የማይቻል። ባሏ በኋላ በር ወጣና በጀርባ በኩል ያለውን መሰላል ይዞ ወደ ጣሪያው ወጣ። እርምጃው በላያቸው ላይ ሲንኳኳ ሁሉም ወደ ላይ እያዩ ተከተሉት፤ እየሄደ፣ እየሄደ፣ መሀል ላይ ቆመ።   

«አያልፍም» አለ ከላይ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ማቀዝቀዣው ድንጋዩን ይመታዋል። በነበረን ፍጥነት ብንገባ ኖሮ ጣሪያው… ጣሪያው አባባ ላይ ነበር የሚወርደው።»

 ከኋላቸው ካለው የጭነት መኪና አንድ ሾፌር ወርዶ መጣ፤ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ሆዱ ከሸሚዙ የቀደመ። ባሏን ጣሪያው ላይ አይቶ ወገቡን ያዘ። «ምነው፣ የቤት ኪራይ ተወደደና ቤታችሁን ይዛችሁ መዞር ጀመራችሁ?» አለ። ከዚያ በሩ ክፍት ስለነበር የታሰሩትን ሽማግሌ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «ውይ፣ አባት አሉ እንዴ?» ብሎ ዞሮ በኋላ ለተሰለፉት፣ «ዝም በሉ እናንተ! በሽተኛ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ ክላክሱ እየቆራረጠ ጸጥ አለ። መኪኖቹን አንድ በአንድ ወደ ዳር እያስጠጋ መንገድ አስለቀቃቸው። ታላቅ ወንድም ዳገቱን በኋላ ማርሽ እንደ ሕፃን ጋሪ ቀስ አድርጎ ወጣው፤ መገንጠያው ጋ ደርሶ ዳር ያዘ። ሞተሩን አጠፋና ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ደበቀ። 

«አላልኩም?» አለች የባሏ እህት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የአባቷን እግር በሁለት እጇ ይዛለች፤ እያለቀሰች ነበር። «አላልኩም? አንድ ሳምንት ሙሉ ካርታ ላይ ተኝታ ጣሪያውን አላየችም! ልትገድላቸው ነበር እኮ!»

«እውነትሽን ነው እትዬ» አለች ሙሽሪት። «አልለካሁም።»

የባሏ እህት መልስ አልጠበቀችም ነበር። ባሏ ከጣሪያው ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል፤ መዳፉ በአቧራ ጠቁሯል። እህቱን አየ፤ ሚስቱን አየ።  «ጠዋትም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ለእህቱ ይሁን ለሚስቱ የተናገረው ሳይለይ ወደ ውጭ ዞሮ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ታላቅ ወንድም ወደ እሷ ዞረ። ቀልድ አልነበረበትም። «እሺ፣ ወዴት ልሂድ?» አላት፤ ጠበቃትም።

 ቅድም ማንም አያምናትም ብላ ነበር የፈራችው፤ አሁን ሁሉም ዝም ብለው አፍ አፏን ያያሉ፤ ይኸኛው ይብሳል። በቀኝ በኩል የጠጠሩ መንገድ ከዛፎች መሀል ገብቶ ይጠፋል። ከኋላ የመጡበት ነው፤ ወደ ቤት፣ አባባ ተንጋለው ሲያዩት ወደሚውሉት ወደዚያ ወደተሰነጠቀ ጣሪያ። ድልድይ የለበትም ብለዋታል ስለ ጠጠሩ፤ ስለ ዛፎቹ ግን ማንንም አልጠየቀችም። ቀበቶዋን ፈታችና ወደ ኋላ ሄዳ አልጋው ራስጌ ተንበረከከች።

«አባባ፣ አሞዎታል?»

«ትንሽ። የእግሬ ጣት ላይ ሲቆረጥመኝ ተሰማኝ» አሉ። «ክፉ ይሁን ደግ እንጃ፤ ከተሰማኝ ቆይቶ ነበርና።»

«ከዚህ ወዲያ ያለው ጠጠር ነው። ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ግን ይንገጫገጫል። ከመሸ አልጋውን ለሌላ ይሰጡታል። ብንመለስ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። «ምን እንደሚሻል አላውቅም አባባ። ፈርቻለሁ።»

አባባ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሱ እጃቸውን ፈልገው እጇ ላይ ጣሉት። ቀላል፣ ቀዝቃዛ እጅ ነው፤ ደቃቅ ብሎኖችን የለመደ። «እኔም ፈርቻለሁ» አሉ፣ ልጆቻቸው ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ። «ከዚያች ቤት ሳልወጣ ጀምሮ ፈርቻለሁ። ማን ጠየቀኝ? ስቀልድ ስቃችሁ ዝም።» ትንሽ ተነፈሱ። «መመለስ አልፈልግም። ጣሪያ ማየት ሰልችቶኛል። ሰዓቱን ተይውና በእግር እንደሚሄድ ሰው ውሰዱኝ። አልጋው ካለፈን ይለፈን፣ በር ላይ ቁጭ ብለን እናስቸግራቸዋለን።»

«አባባ፣ ካለፈንማ…» አለች ሴት ልጃቸው።

«አንቺ እግሬን ይዘሽዋል አይደል? እንደያዝሽው ቆይ።»

ሙሽሪት ተነሳች። ወደ ፊት ወንበሯ አልተመለሰችም፤ በሩን ከፍታ ወረደች። «በቀኝ ይግቡ ጋሼ» አለች በመስኮቱ። «እኔ ከፊት በእግሬ እሄዳለሁ። እጄን ካነሳሁ ይቁሙ።» ባሏ ሳይጠየቅ መሰላሉን መልሶ ያዘ።

ጠጠሩ ከጫማዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከኋላዋ የሞተሩ ሙቀት ጀርባዋን ይነካታል፤ በእሷ እርምጃ ልክ ነው የሚመጣው፣ ስትዘገይ ይዘገያል። መሬቱን ታያለች፣ ጉድጓዱን በጣቷ ትጠቁማለች፤ ወደ ላይ ታያለች። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ አለፈ፤ ቅጠሉ ጣሪያውን ሲልሰው ተሰማ። «አለፈ!» አለ ባሏ ከላይ። ሁለተኛውም፤ «አለፈ!» የመኪናው ጎማ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ሲወጣ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ ካለ ብላ አዳመጠች። ምንም አልመጣም። ምንም አለመምጣቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቀችም። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሀል እየቀላ ነው። ሰዓቷን ማየት ፈለገች፤ አላየችም።

ከመታጠፊያው በኋላ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ በመንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ ከፍ ያለ ይመስላል፣ ዝቅ ያለም ይመስላል። ከሥሩ ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። ያልፍ ይሆናል። ላያልፍም ይችላል። ከዚህ ሆና ማወቅ አትችልም።

እጇን አነሳች። ከኋላዋ መኪናው ያለ ድምፅ ቆመ።